የወለጋ መንገድ

እህ በሉኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መንገደኞች ነው። ወንጌል ይዘው ከባሕር ማዶ መጥተው መንገድ ስለተዘጋባቸው፣ ኋላም ሌላ ሰው ስለደረሰላቸው መንገደኞች። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ደብዳቤያቸውም መዝገባቸውም የተጻፈው በዚያ ነውና አምታታን እንዳትሉኝ።

ዓመቱ 1866 ነው። ሦስት ስዊድናውያን ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወረዱ። የላካቸው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ነው። ሚሲዮኑ ራሱ ከተመሠረተ ገና 10 ዓመቱ ነበር፤ ባሕር አሻግሮ ሰው ሲልክም የመጀመሪያው ነው። ምጽዋ ሊቀመጡ አልመጡም፤ ልባቸው ያለው ኦሮሞ አገር ነው። ሐሳቡን ያቀበላቸው ጀርመናዊው ሉድቪግ ክራፍ ነበር። ክራፍ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጦ ኦሮምኛ ያጠና ሰው ነው፤ ኦሮሞ ወንጌልን ከተቀበለ በእሱ በኩል ወደ አፍሪካ መሃል ይዘልቃል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። ካርታ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ከምጽዋ ተነሥቶ ጣትን ወደ ደቡብ ምዕራብ መሳብ ብቻ። ካርታ ላይ ማን ያልደረሰበት አገር አለ!

ደጋው ግን ያን ጊዜ በማን እጅ ነበር? በዐፄ ቴዎድሮስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተቀያይመው ቆንስላውን ከነሚሲዮናውያኑ አስረዋል። አዲስ ነጭ ሰባኪ ሽቅብ የሚወጣበት ጊዜ አልነበረም። አገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊሳዊ ነበርና፣ ወደ ኩናማ ምድር ሂዱ ብሎ መከራቸው። ሄዱ። ከስዊድንም ሌሎች ተጨመሩላቸው። ቆላው አልማራቸውም፤ ከፊሉን ንዳድ ወሰደው፣ ከፊሉ በሰው እጅ ወደቀ። በ1870 የተረፉት ተመልሰው ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ሰፈሩ።

ይኸው፣ አራት ዓመት አለፈ፤ የኦሮሞ አገር የሆነውን ወለጋን ያየ የለም።

አሁን ሌላኛውን መንገድ ልንገራችሁ። ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ በሚባል አገር አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ነበር። አባቱን ያጣው ገና በሕፃንነቱ ነው። የባሪያ ፈንጋዮች ያዙት፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ፣ ወንዝና ተራራ እያቋረጠ ቁልቁል ተነዳ። የደረሰው የት መሰላችሁ? ምጽዋ! ስዊድናውያኑ ሊወጡት ያልቻሉትን አገር፣ ልጁ ባሪያ ሆኖ አቋርጦት መጣ። ሰው ሊሸጡ ለሚወርዱ ኬላው ሁሉ ክፍት ነው፤ ቀረጡን መክፈል ነው። ሽቅብ ለሚመለስ ግን ዝግ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚያበግነኝ ይህ ነው።

በ1870 ያው ሙንዚንገር ልጁን ነጻ አወጣውና ለሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስ ተባለ። መጽሐፍ የሚያነብ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጳውሎስ መልእክት ለፊልሞና የተጻፈው ኦኔሲሞስ ስለሚባል ባሪያ ነው፤ ያ ግን ወደ ጌታው ተመላሽ ነበር፣ የኛው ደግሞ ወደ አገሩ መመለስ የሚሻ። ሚሲዮኑ ስዊድን ልኮ አምስት ዓመት አስተማረው። ተምሮ ምጽዋ ተመለሰ፤ ምሕረት ኃይሉን አገባ። ወዲያው ደግሞ ስንቅ ተቋጠረ።

በ1881 ወደ ወለጋ የተነሣው ጓድ ደጋውን ሸሸ። ለምን ቢሉ፣ ያን ጊዜ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የውጭ ሚሲዮናውያን በግዛታቸው እንዲሰብኩ አይፈቅዱም ነበር። እንግዲህ በሱዳን ዞረን ከምዕራብ በኩል እንግባ አሉ። ካርቱም ደረሱ፣ ዓባይን ተከትለው ወደ ድንበሩ ቀረቡ፣ እስከ አሶሳ ዘለቁ። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልሆነም። ሲመለሱ ፋማካ በምትባል ቦታ ኦኔሲሞስን ንዳድ ጣለው፤ ሊሞት ደርሶ ነው የተረፈው። አስቡት እንግዲህ፤ ከተወለደበት አገር ይህን ያህል ቀርቦ፣ የዚያን አገር ቋንቋ እየተናገረ፣ ወደ ኋላ! ሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲመለሱ የማህዲ ዐመፅ መነሻው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ያም መንገድ ተዘጋ።

ደግሞ ተነሡ። በዚህኛው ጉዞ በ1886 እንጦጦ ደረሱ፤ ንጉሥ ምኒልክም በክብር ተቀበሏቸው። ምኒልክ ግን ለዐፄ ዮሐንስ ገብረዋል፤ የበላያቸውን ክልከላ ጥሰው እለፉ ሊሏቸው አልደፈሩም። ወደ ምጽዋ ተመለሱ ተባሉ። እኔ ምኒልክን አልወቅስም። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገቡትን ውል ለጥቂት ሰባኪዎች ብለው ያፍርሱት እንዴ? ለተመላሾቹ ግን እንጦጦ ከፋማካ ይብሳል። በሱዳን በኩል የመለሳቸው በሽታና ድንበር ነበር፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ በደግ ፊት፣ ተስተናግደው ነው የተመለሱት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይታጠፋል። እግር እንቢ ቢል እጅ ሥራ አያጣም፤ ኦኔሲሞስ እምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ መመለስ ያዘ። ብዕሩ ግን ቶሎ ቶሎ ይቆምበት ጀመር። ከቤቱ የተነጠቀው በልጅነቱ አይደል? የልጅ ኦሮምኛ ለጨዋታ ይበቃል፤ ለኢሳይያስና ለኢዮብ ግን አይበቃም።

በዚያው በ1886 የጣሊያን መርከቦች ወደ ዓረብ አገር የሚሻገር የባሪያ ጭነት ባሕር ላይ ያዙ። ከተለቀቁት መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። እሷንም እምኩሉ አመጧት። ይህችን ልጅ እወቁልኝ። ጭንቅላቷ ጎተራ ነው፤ የሰርጉን ዘፈን፣ የእረኛውን ግጥም፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን፣ ተረቱን ሁሉ ይዛ መጥታለች። ነጋዴዎቹ ሁሉን ሲቀሟት ይህን አላገኙትም። ተቀምጣ ከቃሏ ጻፈችው፤ 500 ያህል ሆነ። የኦኔሲሞስ ብዕር ሲቆም ቃሉን የምታቀብለው እሷ ሆነች።

በ1893 አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ታትሞ ወጣ፤ ያውም እዚያው እምኩሉ። በማግስቱ ዓመት ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት ጀልቀባ በርሲሳ የሚባል የማንበቢያ መጽሐፍ ተከተለ፤ የአስቴር ስብስብ ከፊሉ በእሱ ገብቷል። በ1899 መጽሐፍ ቅዱሱ ሙሉ ሆኖ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ቦታ ታተመ። ፊደሉ የኛው የግዕዝ ፊደል ነው። ስለ መጽሐፉ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው፤ የአስቴርን ስም የሚያነሣ ጥቂት ሰው ነው። እኔ በዚህ ከተርጓሚው ጋር ጠብ የለኝም፤ ከአውሪዎቹ ጋር ግን አለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አገሩም ተገለባብጧል። ዐፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ወደቁ፤ ምኒልክ ነገሡ፤ ጣሊያን ኤርትራን ያዘ፤ ዓድዋም ሆነ። በ1898 ከኤርትራ የተነሣ አንድ ትንሽ ጓድ በመጨረሻ ወለጋ ገባ። ፈረንጅ የለበትም! ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል፣ ባለቤቱ ጉሜሽ ወልደ ሚካኤልና ባልደረባቸው ዳንኤል ናቸው። ቦጂ ደረሱ፤ ገዥው ፊታውራሪ ዲባባ ተቀበሏቸው፤ ገብረ ኤዎስጣቴዎስም እዚያው ባለችው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ሕዝቡን በቋንቋው ያስተምር ጀመር። በ1905 ሰው ሊያተርፍ የሚነድ ቤት ውስጥ ገብቶ ሞተ።

   

በ1904 ኦኔሲሞስ ነቀምት ገባ፤ አስቴርም አብራ ናት። በልጅነቱ ተነድቶ የወጣው ሰው ሲመለስ ዕድሜው 50 ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የነቀምት ገዥ ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በክብር ተቀበሉት። ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስቴር አስተማሪ ሆነች። ስብከቱም በኦሮምኛ ሆነ፤ ሕዝቡ ጎረፈ። የአገሩ ካህናት ግን ይህን አልወደዱትም፤ በኦሮምኛ የሚለውን አይሰሙትም፣ ሕዝቡ ግን ይሰማዋል። ጸረ ማርያም ነው የሚል ክስ ተነሣና በ1906 ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። ይሰደድ ተብሎ ተፈረደበት። ምኒልክ ግን ፍርዱን ሻሩለት፤ ነቀምት ተመለስ፣ አስተምር፣ እንዳትሰብክ አሉት። እንጦጦ ላይ መልሰውት ነበር፤ አሁን ደግሞ አስቀሩት።

አፉ ቢታሰር እጁ አልታሰረም። 10 ዓመት ያህል ልጆች አስተማረ፤ ልጆቹ ያን በፊደላችን የታተመ መጽሐፍ ማንበብ ከቻሉ ደግሞ ሰባኪው ዝም ማለቱ ምን ያህል ይጎዳል? ክልከላው የተነሣው በ1916 በልጅ ኢያሱ ፈቃድ ነው። ኦኔሲሞስ ሰኔ 1931 አረፈ። በወለጋ የበቀለው ሥራ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሆኖ ሲቋቋም፣ ያቺ ከባሪያ መርከብ የወረደች ልጅ አሮጊት ሆና በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችው በ1964 ነው።