ከውርስ በፊት ዕዳ

ታላቁ ሰሐባ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) በ36 ዓመተ ሒጅራ ሲገደሉ፣ ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ 2,200,000 ዲርሃም ዕዳ ነበረባቸው። ዕዳው ከብክነት የመጣ አልነበረም፤ ሰዎች ገንዘብ በአማና ሊያስቀምጡ ሲመጡ፣ እንዳይጠፋባቸው ሰግተው በብድር ካልሆነ አይቀበሉም ነበር። እንዲከፈልላቸውም ለልጃቸው ለዐብዱላህ አደራ ብለው ሞቱ።

ዐብዱላህ በ170,000 የተገዛውን የአል-ጋባን መሬት በ1,600,000 ሸጠው ለዕዳው አዋሉት። ወራሾች ድርሻችንን ስጠን ሲሏቸው እምቢ አሉ። ለ4 ዓመት በየሐጁ ወቅት፣ ከአባታቸው የሚፈለግ ገንዘብ ያለው እንዲመጣ ካስለፈፉ በኋላ ነው ውርሱን ያከፋፈሉት።

እኛስ? ልጅ ተወለደ፣ ቤት ተቀየረ፣ ሥራ ተቋረጠ እያልን የሰው ሐቅ ስንት ዓመት አሳደርን? ዕዳችሁን ዛሬውኑ ጽፋችሁ ለቤተሰብ አሳውቁ፤ ከድግሱ በፊት አበዳሪውን አስቡ። አላህ ያግራልን!