የልብ ግድግዳ ቀዳዳ የለውም ያሉት ዓሊም



በዚህች ደቂቃ ሳንባችን ውስጥ አየርና ደም እየተገናኙ ነው። ዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ ሰው በደቂቃ 4 ሊትር ያህል አየር ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይገባል፤ 5 ሊትር ያህል ደም ደግሞ በዙሪያቸው ያልፋል። ደሙ አየር ወደሌለበት ቢሄድ ኦክስጅን ሳያገኝ ይመለሳል፤ አየሩ ደም ወደሌለበት ቢገባ በከንቱ ይወጣል። ሱብሓነላህ!

ለመሆኑ የልብ ደም ሁሉ አየር ለማግኘት በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው?

የግሪኩ ሐኪም ጋሌን (ጃሊኑስ) ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበር። ከ1000 ዓመት በላይ ይኸው ተደገመ። ታላቁ ኢብኑ ሲና እንኳ «አል-ቃኑን» በተባለው ኪታባቸው የጋሌንን መንገድ ተከተሉ።

ኢብኑ ነፊስ (ረሒመሁላህ) በደማስቆ አካባቢ ተወልደው፣ በከተማዋ የኑሪ ሆስፒታል ሕክምና ተምረው ወደ ካይሮ የሄዱ ሐኪም ናቸው። የሻፊዒይ ፊቅህ አስተማሪም ነበሩ። 30 ዓመት አካባቢ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1242፣ በ«አል-ቃኑን» የአካል ክፍሎች ትምህርት ላይ ሸርሕ ጻፉ። በዚያም ግድግዳው ወፍራምና ድፍን ነው፤ የሚታይም ሆነ የማይታይ ቀዳዳ የለውም አሉ። ደሙ ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ፣ እዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ፣ ከዚያ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል ሲሉ አስረዱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኢብኑ ነፊስ የኢብኑ ሲናን ኪታብ አላጣጣሉም፤ በቁም ነገር አንብበው፣ አብራርተው፣ ስሕተት ያዩበትን በማስረጃ አረሙ። አደብና ዕውነት አብረው ይሄዳሉ።

ሁሉን ነገር አወቁ ብለን አናጋንንም። ኦክስጅን በዘመናቸው አይታወቅም ነበር። ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ጣሊያናዊው ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው። አየር ባነሰበት የሳንባ ክፍል የደም ሥሮቹ ጠበብ ብለው ደሙን አየር ወዳለበት እንደሚመልሱት ደግሞ ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ በድመቶች ላይ ባደረጉት ጥናት በ1946 አሳዩ። የሳንባ ምች የያዘውን ሰው በተወሰነ ደረጃ የሚረዳው ይህ አሠራር ነው።

ኢብኑ ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1288 (687 ሂጅራ) ካይሮ ውስጥ ሞቱ፤ ቤታቸውንና ኪታቦቻቸውን ለመንሱሪ ሆስፒታል ተናዘዙ። ይህ ግኝታቸው ግን ተረሳ። አውሮፓ ውስጥ ሰርቬተስ በ1553 ተመሳሳይ ሐሳብ ጻፈ፤ ሃርቪ በ1628 የደምን ዑደት በሙሉ አስረዳ። ዓለም ወደ ኢብኑ ነፊስ የተመለሰው በ1924 ሙሕየዲን አጥ-ጠጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀመጠውን የእጅ ጽሑፍ ሲያነብ ነው።

ኪታቡ አልጠፋም ነበር፤ አንባቢ አጥቶ ነው። በወሎና በሐረር ዑለሞቻችን ቤትም የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች አሉ። «ሙስሊሞች ቀድመው አወቁ» ብለን ከመፎከራችን በፊት እነዚያን የሚያነብ ከእኛ ማን አለ?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። አሚን!