በሁለት ጉብኝቶች መካከል

በ1986 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በያኔው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የቡታጅራ ከተማ ቀበሌ ተመርጠው ከ28,000 በላይ ነዋሪ ቤት ለቤት ተቆጠረ። ቆጠራው ግን መነሻ ብቻ ነበር። መዝጋቢዎች በየወሩ እየተመለሱ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ገባና ማን ለቆ እንደ ሄደ ከነጊዜው ይጽፉ ነበር። ስለ ፕሮግራሙ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከእርሱ የወጡት ጥናቶች ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ያንን በየወሩ መመለስ ነው፤ የጊዜ መዝገብ ምን ያህል እንደሚታመን የሚወስነው በሁለት ጉብኝቶች መካከል ያለው ርቀት ነውና።

የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት አገር የሚነገር ቀን እንዴት ይታመናል የሚል ሰው እውነት አለው። በአገራችን ቆጠራዎች ዕድሜ በ0ና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይከመራል፤ ቡታጅራ ባለችበት በጉራጌም ያለፈውን ዓመት ከመስቀል በፊትና በኋላ ብሎ መክፈል ከቀን ቁጥር ይልቅ ይቀላል። የየወሩ ጉብኝት ግን ስሕተቱን ያጥረዋል። ባለፈው ወር ያልነበረ ሕፃን ዛሬ ከተገኘ፣ እናቱ ቀኑን ብትዘነጋው እንኳ ልደቱ ከሁለቱ ጉብኝቶች መካከል አይወጣም። አሥር ቀበሌ ኢትዮጵያን አይወክልም የሚለውም ትክክል ነው። ሆኖም አገር አቀፍ ቆጠራ፣ የመጨረሻው የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጭምር፣ የአንድ ቀን ሥዕል ነው። ሞት በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ለማወቅ እያንዳንዱ ሰው በክትትል ሥር የኖረበት ዘመን መደመር አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የገባበትና የወጣበት ቀን ግድ ነው። የሞትን ምክንያት ከቤተሰብ ጠይቆ ለመለየትም የቆይታ ልክ ያስፈልጋል፤ ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳልና የጥቂት ቀን ትኩሳት የሚያመለክቱት የተለያየ በሽታ ነው። ፒተር ባያስ፣ የማነ ብርሃኔና ባልደረቦቻቸው ይህን ሥራ በኮምፒውተር የሚያከናውነውን ስልት በ2006 እ.ኤ.አ. ሲገመግሙ የቡታጅራን የሞት መረጃ ተጠቅመዋል።

በኋላ ጉብኝቱ በየሦስት ወሩ ሆነ። ወጪውን ላሰበ ውሳኔው አይገርምም፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። የአዋቂ ሞት ቢዘገይም ይነገራል። በተወለደ በአራተኛው ቀን የሞተ ሕፃን ግን በሁለት ጉብኝቶች መካከል መጥቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲያመልጥም ከልደቱም ከሞቱም ዓምድ ስለሚጎድል የሕፃናት ሞት መጠን ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል። በክትትል ጣቢያዎች ነፍሰ ጡሮችን ቀድሞ መመዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ስለ እርግዝናው መጨረሻ የግድ ይጠየቃል። ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ግን ቤተሰቡ ወደ ጽሕፈት ቤት እንዲመጣ ይጠብቃል፤ ለልደት 90 ቀን፣ ለሞት 30 ቀን ይሰጣል። በ90ው ቀን ውስጥ ተወልዶ የሞተውን ልጅ ለማስመዝገብ የሚመጣ ወላጅ ጥቂት ስለሚሆን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የያዙት የነፍሰ ጡሮች መዝገብ ከቀበሌው መዝገብ ጋር በየወሩ ሊመሳከር ይገባል።