እርምጃ ቆጣሪው ጫማ

እህቴ ከደብረ ታቦር የደወለችው መርዶ በሚነገርበት ሰዓት ነበር፤ ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ነው። ስልኩን ያነሳሁት ልቤ እየመታ ነው።

«ወንድምዓለም፣ ይኼ ልጅ ሳይደነቁር አልቀረም» አለችኝ። «ብጠራው አይሰማ፣ ብጮህበት አይሰማ። ከኋላው አይሱዙ እየመጣ እሱ መሀል አስፋልት ላይ ራሱን እየነቀነቀ ይሮጣል። አንተ ነህ ያመጣህብኝ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ዋሽንግተን የሚኖር የአጎታችን ልጅ፣ ሯጭ እሆናለሁ ብሎ ለተነሳው የእህቴ ልጅ አንድ ካርቶን ልኮ ነበር፤ ካርቶኑን ከአዲስ አበባ ይዤለት የሄድኩት እኔ ነኝ። ውስጡ የናይኪ ጫማ፣ ከመጫወቻ ካርታ የጠበበች አይፖድ ናኖ፣ ነጭ የጆሮ ማዳመጫ፣ እና የካፖርት ቁልፍ የምታህል አንዲት ነገር ነበረች። እኔ የጫማው ጌጥ መስላኝ ነበር። ለካስ የዕቃው ሁሉ አለቃ እሷ ኖራለች።

ናይኪና አፕል ይህችን ዕቃ ለገበያ ያወጧት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በግራ ጫማ የውስጥ ሶል ሥር ለእሷ ተብላ በተቦረቦረች ጉድጓድ ትቀመጣለች። እግር መሬት ላይ ስንት ቅጽበት እንደቆየ ትለካለች፤ ከዚያ ተነስታ ፍጥነቱንና ርቀቱን ትገምታለች፤ ግምቷንም በሬዲዮ ሞገድ ወደ ማጫወቻዋ ትልካለች። ሯጩ አዝራሯን ሲጫን ዘፈኑ ዝቅ ይልና አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ደቂቃ፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ትለዋለች። እህቴ አንድ ቀን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ብትሰካው ሴትዮዋን ሰማቻት። «ይቺ ደግሞ ማን ናት? ልጄን ምን እያለችው ነው?» ብላ ቀኑን ሙሉ ስትነታረክ ዋለች።

እህቴ መፍራቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚወርደው ቻይኖች የሠሩት መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ወድዶ አልነበረም። በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ዓይኑ ፊት ቢሆን ጆሮው ኋላ መሆን አለበት።

ለጥምቀት ስሄድ ግን ልጁ ደስታው ሌላ ነበር። አብረን ወደ ጋፋት ወጣን፤ እሱ እየሮጠ፣ እኔ እያለከለክሁ። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ሆኖ ከላይ ያያታል። ለባለ ሳንባው በረከት ነው፤ ለእንደኔ ዓይነቱ መከራ። ልጁ ዳገቱ ላይ ቆሞ ጠበቀኝና በቅሬታ «ጋሼ፣ ዛሬ ቀርፋፋ ነኝ ትላለች» አለኝ። መቼም ሲበር ዓይቼዋለሁ፤ ቀርፋፋ አልነበረም። ቆጣሪዋን ያስተማራት ሜዳ ላይ ነው፤ አራት መቶ ሜትር ለክቶ ሮጦ አስተካክሏታል። ዳገት ላይ እርምጃ ያጥራል፣ እግር መሬት ላይ ይቆያል፤ እሷ ይህን ሁሉ እንደ ስንፍና ትቆጥረዋለች። በሜዳ የተማረች ቆጣሪ ለጉና ግርጌ ልጅ መፍረድ አልነበረባትም። እሱ ግን እሷን አመነ።

እርምጃን መቁጠር የዛሬ ሥራ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ እዚያው ጋፋት ላይ መድፍ ሊያስቀልጡ ሲታገሉ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1865 እና በ1866 መሆኑ ነው፣ ናይን ሲንግ የሚባል ህንዳዊ ለእንግሊዞች ካርታ ሊሠራ የቡድሂስት ተሳላሚ መስሎ ከካትማንዱ ላሳ ድረስ በእግሩ ሄደ። የእያንዳንዱን እርምጃ ርዝመት እኩል ለማድረግ ተለማምዷል። የቡድሂስቶች መቁጠሪያ 108 ፍሬ አለው፤ የእሱ ግን 100 ብቻ ነበር። በየመቶው እርምጃ አንድ ፍሬ ያሳልፋል፤ ያየው ሁሉ የሚጸልይ ይመስለዋል። እኛም አገር መቁጠሪያ የማያውቅ የለም፤ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ የሚል አዛውንት ጣቱ አይሳሳትም። ልዩነቱ የኛዎቹ የሚቆጥሩት ለነፍሳቸው፣ ናይን ሲንግ ለካርታ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አለ የኛው ሰው የገባበት ታሪክ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ አርባ ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨረሰ። ሁለተኛው ሰው ሲገባ ከአራት ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር፤ አበበ ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን እያፍታታ ነው የጠበቀው። ጃፓን በዚያ ኦሊምፒክ ሰሞን ስለ ጤናና ስለ እንቅስቃሴ ማውራት ያዘች። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ አወጣና ስሙን «ማንፖ ኬይ» አለው፤ «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ዛሬ ሐኪሙም ስልኩም በቀን አሥር ሺህ እርምጃ የሚለው ቁጥር ከዚያች የንግድ ስም የመጣ ነው። ጥናት ያወጣው አይደለም።

ራሱ አበበስ በምን ለካ? ሮም ላይ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ባዶ እግሩን ሲሮጥ መለኪያው ድንጋይ ነበር። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው አይተው፣ ጣሊያን ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት መጨረሻው አቅራቢያ መቆሙን ልብ ብለዋል። እዚያ ስትደርስ አምልጥ ተባለ፤ እዚያ ሲደርስ አመለጠ። ከዚህ የተሻለ ቆጣሪ ከየት ይመጣል?

ወደ ዘፈኑ ልመለስ። ልጁ «ሙዚቃ ካልሰማሁ እግሬ አይነሳም» ሲለኝ ሳቅሁበት፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ነው። እኛ አገር በዝምታ የተሠራ ከባድ ሥራ ምን አለ? አጨዳው በዘፈን ነው፣ ደቦው በዘፈን ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነስተው ሰባ ኩንታል የሚገመተውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉና መንገድ እየጠረጉ ነበር የሄዱት። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ከአምስት ወር በላይ! ያን የሚያህል ብረት በብዙ መቶ ሰው ክንድ ሲጎተት፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሆ!» ካላለ ስንዝር አይነቃነቅም። ከተማይቱ በስሙ በተጠራችለት በደብረ ታቦር በዓልም፣ ነሐሴ 13፣ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ ዱላቸው መሬቱን የሚመታው ለምን ሆነና? ዱላው ከበሮ ነው። አንዱ ቢያጠፋ ሌላው ያርመዋል።

ያ ዘፈን ታዲያ የሁሉም ነበር። ወደ አንድ ሰው ጆሮ የገባው በቅርቡ ነው። ሶኒ ዎክማንን ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ሲሆን፣ የኩባንያው ሰው አኪዮ ሞሪታ አንድ ሰው ብቻውን ማዳመጡ ብልግና ይሆናል ብለው ሠግተው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ተበጀለት። አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረችው፤ ስትጫናት ሙዚቃው ዝቅ ይልና ከጓደኛህ ጋር ታወራለህ። ሰዉ ግን ብቻውን መስማቱን ወደደው። ሁለተኛው ቀዳዳም ብርቱካናማዋ ቁልፍም ከጊዜ በኋላ ቀሩ። እኔ ዎክማን ያየሁት ከኩባ ተምሮ በተመለሰ የሰፈራችን ልጅ እጅ ነው፤ እሱ አንዱን ጆሮ፣ እኔ ሌላውን ይዘን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጣብቀን እንሄድ ነበር። ሞሪታ ቢያዩን ደስ ይላቸው ነበር።

ስለ ሩጫና ዘፈን የሚያወራ ሰው ደግሞ ኃይሌን አይዘልም። በየካቲት 1990 ዓ.ም. በርሚንግሃም ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የቤት ውስጥ 2,000 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ «ስካትማን» የተባለው ዘፈን ይንቆረቆር ነበር፤ ምቱ ለእግሩ ስለሚስማማው ራሱ ያስመረጠው ነው። ልብ በሉ፣ ማዳመጫ አልሰካም። ተመልካቹም ተፎካካሪውም ያንኑ ዘፈን ይሰማል። ብልጠት ከተባለም በአደባባይ የተደረገ ብልጠት ነው።

ሕጉም ይኼንኑ ይለያል። በዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ደንብ ተወዳዳሪ ሬዲዮም ሆነ ማጫወቻ ይዞ መሮጥ እንደ ዕርዳታ ይቆጠርበታል፤ የልብ ምትና የእርምጃ መለኪያ ግን ከሌላ ሰው ጋር እስካላገናኘው ድረስ ይፈቀድለታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2007 በጎዳና ውድድሮቻቸው ላይ ማዳመጫን ከልክለው፣ ሯጩ ሕዝብ ሲያጉረመርም በ2008 መጨረሻ ለሽልማት ለማይሮጠው አላሉት።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አላወቀም፤ እኔም ያኔ አላወቅሁም። በማግስቱ ዓመት አንድ ክለብ ልጆች ይመርጣል ተባለና ሄደ። አሥር ሺህ ሜትር፣ ሃያ አምስት ዙር። መነሻው ላይ አንዱ ዳኛ ማዳመጫውን አስወለቁት። ቆጣሪዋን ማንም አላያትም፤ ብትታይም ባልተከለከለች። ግን ጆሮ ከሌለ ምን ትሠራለች? ልጁ ሲጀመር ተፈተለከ፤ አራት ዙር ሃያ ሜትር ቀድሞ መራ። አሥራ አራተኛው ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመስመር ወጣ።

ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ የነገረኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ዘፈኑ ሲጠፋ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት። እንደዚያ የሚጮህ አይመስለኝም ነበር። የታመምኩ መሰለኝና ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ጊዜ ለመጨረስ ሮጥኩ።»

ምን እለዋለሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሮጦ ትንፋሹን ሰምቶት አያውቅም። አብረውት የሮጡት ልጆች የላቸውም እንጂ ቢያገኙ እነሱም ይሰኩት ነበር፤ በማጣታቸው ግን የጎናቸውን ሰው ኮቴ እየሰሙ ነው ያደጉት። እጄ ላይ አምጥቼ የሰጠሁት ነገር ነው። እህቴ «አንተ ነህ ያመጣህብኝ» ያለችውን ዳግመኛ አላነሳችብኝም፤ ባታነሳውም ግን እሰማው ነበር።

ክለብ አልገባም። ዛሬ በዚያው በደቡብ ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። ተማሪዎቹን በቡድን ያስሮጣል፣ እያጨበጨበ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለተሰንበት ግደይ ቫሌንሺያ ላይ የጥሩነሽ ዲባባን የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ስትሰብር፣ በመሮጫው ጠርዝ ላይ አረንጓዴ መብራት አብሯት ይሮጥ ነበር፤ የክብረ ወሰኑን ፍጥነት የሚያሳይ መብራት ነው። ምስሉን በስልክ ሲያሳያቸው ተማሪዎቹ «መብራቱ ነው የሚስባት ወይስ እሷ ናት የምትገፋው?» ብለው ተከራከሩ። እሱ «ቢያንስ ለሁሉም ይታያል» አላቸው። ኃይሌን አስታወሰኝ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ ውጊያው ተፋፍሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ ጎህ ሲቀድ ከከተማ ወጥቶ መሮጥ እንደ ድሮው አልሆነም። ድምፅ ሲሰማ መቆም፣ መተኛት፣ መመለስ አለ። ተማሪዎቹ አሁን በየኪሳቸው ስልክ አላቸው፣ በየጆሯቸው ማዳመጫ። እሱ ሜዳው በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ያስወልቃቸዋል። ምክንያቱን አይነግራቸውም፤ እነሱም አይጠይቁትም።

ጫማው አልቆ ከተጣለ ቆይቷል። አይፖድም እ.ኤ.አ. በ2022 መመረቱ ቀርቷል። ቆጣሪዋን ግን እህቴ የቁልፍና የመርፌ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ ውስጥ አኑራታለች። ባለፈው ስንሄድ አውጥታ «ይቺ ሴትዮ ሞተች እንዴ?» አለች። ልጇ ባትሪዋ አልቋል፣ እንዲቀየር ተደርጎም አልተሠራም አላት። እህቴ ቆጣሪዋን መዳፏ ላይ እያገላበጠች ጥቂት አሰበችና «ስንት ብላ ነው ያቆመችው?» ስትል ጠየቀችን።

ማናችንም አላየነውም ነበር።