የጠመንጃ ጉርሻ

ነቀምቴ ባለው የቤተሰባችን ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከአያቶቼ የሠርግ ፎቶ ጎን፣ ሰደፍ የሌለው የጠመንጃ ብረት ተሰቅሏል። ተኳሽ ግራ እጁን በሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ወደ ውጭ ተከፍቷል። ልጅ እያለሁ ጦርነት የሰነጠቀው ይመስለኝ ነበር። ለክፍል ጓደኞቼም "አድዋ የዘመተ ነው" እያልኩ ጉራዬን ነዝቻለሁ።

ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ አንድ ዓመት ለመስቀል ወደ ቤት ስሄድ አያቴን ጠየቅኳቸው። አካኮ ነው የምንላቸው። ሳቁብኝ።

"የምን አድዋ! ይሄን የሰነጠቀው ስስት ነው" አሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአካኮ አባት ታላቅ ወንድም ገና አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላው ከአዳኞች ጋር ወደ ዲዴሳ ቆላ ይወርዳል። ለእሱ የተሰጠው ቀጭኑ ጠመንጃ ነው። ባሩዱን የሚሰፍርበት ከቀንድ ጫፍ የተቆረጠች መስፈሪያም ተሰጥታዋለች፤ ለድኩላና ለሚዳቋ የምትሆን ልክ። ሦስተኛው ቀን ላይ የዝሆን ዱካ አዩ። ልጁ ማንም ሳያየው አንዷን መስፈሪያ ሦስት አደረጋት። ተኮሰ። ዝሆኑን አላገኘውም፣ ሦስት ጣቶቹን ግን አጣ።

ስለ ጠመንጃ የነበረኝን ሐሳብ የቀየረው ይህ ወሬ ነው። ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ "ማን ነው ያን ያህል እንዲጨምር የፈቀደለት?" የሚል ነበር። መልሱ ማንም አለመኖሩ ነው። ጠመንጃው ራሱ ፈቅዶለታል።

ዛሬ የምናውቀው ጥይት ከፋብሪካ ተዘግቶ የሚመጣ ነው። ባሩዱ፣ እርሳሱና መለኮሻው በአንድ ቀለህ ውስጥ ናቸው፤ ልኩን የወሰነው ሌላ ሰው ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ ዲፎልት ተቀምጦለታል ማለት ነው። በአፈሙዝ የሚጎረሰው የድሮ ጠመንጃ ግን እንዲህ አይደለም። ባሩዱን ሰፍረህ በአፈሙዙ ታፈሳለህ፤ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልለህ ታስገባለህ፤ በዘንግ እስከ ታች ትጎሰጉሳለህ፤ ከዚያ መለኮሻውን ታዘጋጃለህ። አማርኛ "ጠመንጃ አጎረሰ" የሚለው በከንቱ አይደለም። ጉርሻ በአጉራሹ እጅ መጠን ነው፤ ለሕፃንና ለጎልማሳ እኩል አይጠቀለልም።

ስለዚህ ለልጅ ጠመንጃ መምረጥ ሁለት ምርጫ ነበር፤ አንዱ ብረቱ፣ ሌላው ጉርሻው። አካኮ ከአባታቸው የሰሙት መመዘኛ ቀላል ነው። ልጁ ጠመንጃውን ማንሳት መቻሉ አይበቃም፤ አነጣጥሮ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ማቆየት አለበት። ሰደፉ ከክንዱ መርዘም የለበትም። አፈሙዙ ጠባብ ይሁን፤ ጠባብ አፈሙዝ ትንሽ እርሳስ፣ ትንሽ እርሳስም ትንሽ ባሩድ ይፈልጋል። ዘንጉ ላይ ደግሞ ሁለት ምልክት ይቆረጣል፤ አንዱ ባዶ ሲሆን፣ ሌላው በልኩ ሲጎርስ ዘንጉ የሚደርስበት ነው። ከሁለተኛው ምልክት በላይ ከቀረ ወይ ሁለቴ ጎርሷል ወይ እርሳሱ መሃል ላይ ቆሟል። ሁለቱም ብረት ይሰነጥቃል። የሳሎናችን ብረት ምስክር ነው።

ነገሩን በቁጥር ላየው ፈለግሁ። ለማነጻጸሪያ የወሰድኩት ውጅግራን ነው። ውጅግራ ፊዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ ከኋላ በቀለህ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር። ጥይቱ 25 ግራም ይመዝናል፤ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይወጣል። በዚያው በ11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ክብ እርሳስ ብታጎርስ ግን ክብደቱ 8 ግራም ገደማ ነው። ቀለል ባለ ጉርሻ በሰከንድ 350 ሜትር ቢወጣ፣ ልጁ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ግፊት የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር ከውጅግራው ሩብ ነው። አፈሙዙ ያው፣ ምቱ ሩብ። በሃምሳ እርምጃ ላለች ሚዳቋ ይበቃል። ልጁም ቃታ በሳበ ቁጥር ዓይኑን መጨፈን አይለምድም።

እነዚህ ጠመንጃዎች ግን ወለጋ ድረስ የመጡት ለልጆች ታስቦ አይደለም።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ፣ እሮጌ ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች አብዛኞቹ በአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ ይዘው፣ ከኋላ በሚጎረስ ስናድር ፊት ቆሙ። በአንድ ከሰዓት 700 ያህል ሰው ሲያልቅ ከእንግሊዞች የሞቱት 2 ናቸው። ከዚያ በኋላ አፈሙዝ ጎራሹ ለጦርነት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ሆነ። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ደግሞ የት እንደሚሸጥ እናውቃለን። ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ወደ ሸዋ ይዞ የመጣው 2,000 ያህል በካፕሱል የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። በደብዳቤው እንደተናገረው፣ እነ ሊዬዥ ገበያ ላይ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኝ፣ አገልግሎት ካቆመ አርባ ዓመት የሆነው ዕቃ ነው። እዚህ 40 ፍራንክ ገደማ እንዲያወጣ ታስቧል።

ነገሩ የራምቦ ብቻ አልነበረም። በ1882 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ተስማምተው ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ አብዛኛው አፍሪካ እንዳይገባ ሲከለክሉ፣ በድንጋይ ፍንጣሪ ለሚተኮሰውና አፈሙዙ ውስጡ ለስላሳ ለሆነው ጠመንጃ በር ትተዋል። ጭንቀታቸው ለትከሻችን አልነበረም። "ቀላል ጉርሻ" የሚለው ሐሳብ አንድ አያት ለልጅ ልጁ ሲያስበው ጥንቃቄ ነው፤ አንድ ጉባኤ ለአንድ አህጉር ሲያስበው ግን ሌላ ስም አለው። ምኒልክ ይህን ተረድተው ውጅግራና ሌሎችንም በብዛት አስገቡ፤ 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነው ይታወቃል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ግን ከየት መጣ? ከፊሉ ከእኛ አገር ነው። የእምባቦ ጦርነት በተደረገበት በ1874 ዓ.ም. ሰሞን የለቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ ለራስ ጎበና ያለ ጦርነት ገቡ፤ ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳም፣ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፣ ግዛቱን በግብር ይዘው ቆዩ። ግብሩ በዋናነት ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ጠመንጃ ዝሆን ይገድላል፣ ጥርሱ ወደ ሸዋ ይሄዳል፣ በጥርሱ ሌላ ጠመንጃ ይገዛል። ዛሬ ነቀምቴ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው የእንጨት ሥራውን ያደንቃል፤ እኔ አሁን ስገባ የሚታየኝ ያ ዙር ነው።

ልጁን ሦስት መስፈሪያ ያስጨመረውም ይኸው ይመስለኛል። በኦሮምኛ ዝሆን "አርባ" ይባላል። በድሮው የገዳዮች ሂሳብ ደግሞ ዝሆን የጣለ ሰው አርባ ሰው እንደገደለ ይቆጠርለት ነበር። ቅቤ ይቀባል፣ ይዘፈንለታል፣ ራሱም በጌራርሳ ያወራርዳል። ሚዳቋ ለገደለ ማን ይዘፍናል? አዳኞቹ ለልጁ ቀላል ጉርሻ ሰጡት፤ ማታ እሳት ዳር ግን ከባዱን ሲያሞግሱ ሰማቸው።

በኋላ ቀለሁ በዛ። አገሩ ውስጥ ጥይት እንደ ገንዘብ የሚመነዘርበት ጊዜም ነበር። መስፈሪያዋና ምልክት ያለው ዘንግ ሥራ ፈቱ፤ ጣት የሚቆርጥ ስህተትም ቀነሰ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክደውም። የአደን ሕግ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1944 ሲወጣ ግን የዲዴሳ ዝሆን የድሮው አልነበረም።

ሌላው ዓለም ላይ ይህ ጠመንጃ አልሞተም። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች በአፈሙዝ ለሚጎረስ ጠመንጃ ብቻ የተለየ የአደን ወቅት አላቸው፤ ልጅ የሚያስጀምሩትም ቀለል ያለ ጉርሻ ሰፍረው በክብ እርሳስ ነው። ሳነብ ቀናሁ። በዛሬው ወለጋ "ልጅ" እና "ጠመንጃ" የሚሉትን ቃላት አጠገብ ለአጠገብ መጻፍ እንኳን ይከብዳል። ባለፉት ዓመታት አብረውኝ ኳስ የተጫወቱ ልጆች ጠመንጃ ሲይዙ አይቻለሁ። የያዙት በአንድ ጊዜ ሠላሳ ጥይት የሚጎርስ ነው። "ለአንተ ልኩ ይህ ነው" ብሎ የሰፈረላቸው ሰው አልነበረም።

ባለፈው ስሄድ አካኮ ብረቱን አውርደው ሲወለውሉት አገኘኋቸው። ለምን እንደማይጥሉት ጠየቅኳቸው።

"ያጎቴ ጣት እኮ ነው፤ ጣት ይጣላል?" አሉኝ።

ከዚያ መልሰው ሰቀሉት፤ ስንጥቁ ወደ ሰው እንዲታይ አድርገው።