ከመዳፍ የማትበልጥ ዝሆን

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ዝሆን ነው። ዝሆን ስንል ግን በጫካ ዛፍ እየገነደሰች የምትሄደዋ እንዳትመስላችሁ። ይህችኛዋ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከእንጨት የተጠረበች ናት። ኬንያን ሊጎበኝ የሄደ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ለልጁ፣ ለወዳጁ ወይም ለገዛ መደርደሪያው ማስታወሻ ብሎ የሚገዛት ናት። ከጎኗ ቀጭኔ አለ፣ አንበሳ አለ፣ አውራሪስና ጉማሬም አሉ። አንዳንዱ ሰው እኮ በየጉዞው አንድ አንድ እየገዛ መንጋ ያህል ይሰበስባል!

ለመሆኑ ይህን ሁሉ አውሬ የሚጠርበው ማን ነው? ሥራውስ መቼ ተጀመረ? እንጨቱስ ከየት ይመጣል? የታሪኩ ፍሬ ያለው በመጨረሻው ጥያቄ ውስጥ ነውና ልብ ብላችሁ ተከታተሉን። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከናይሮቢ በስተምሥራቅ፣ በማቻኮስ፣ ዋሙንዩ የምትባል ቦታ አለች። አገሩ የካምባ ሕዝብ ነው። ዝናብ የሚያጥረው ደረቅ አገር በመሆኑ ካምባዎች ከእርሻው ሌላ ንግድም የእጅ ሥራም ያውቃሉ። በርጩማ ጠርበው በቀጭን ሽቦ ማስጌጥ የቆየ ሙያቸው ነው።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እንግሊዝና ጀርመን በአፍሪካ ምድርም ተዋጉ። እንግሊዞች ስንቅና ጥይት የሚሸከምላቸውን ሰው ከኬንያ በብዛት እየመለመሉ ጀርመን ወደያዘችው ታንጋኒካ፣ ማለት ወደዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ወሰዱት። በዚያ ጦርነት ጊዜ ወደ ታንጋኒካ ከሄዱት የዋሙንዩ ሰዎች አንዱ ሙቲስያ ሙንጌ ነበር። እዚያም ከእንጨት የሰው ምስል የሚጠርቡ ባለሙያዎች አየ። የዛራሞ ሰዎች ናቸው የሚሉ አሉ፤ ማኮንዴዎች ናቸው የሚሉም አሉ። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ እሱ አገሩ ገብቶ መጥረብ ጀመረ። ለጦርነት የሄደ ሰው ሙያ ይዞ ተመለሰ ማለት ነው። ሙያውም ከቤተሰብ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ አገሩ ሁሉ ተሻገረ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኬንያ ውስጥ የሰፈረው ወታደር ብዙ ስለ ነበር ማስታወሻ ፈላጊውም በዛ። ከዚያ በኋላ ሥራው ባሕር ተሻግሮ አውሮፓና አሜሪካ ይሸጥ ጀመር። ውሎ አድሮም የዱር አራዊት ምስል ገበያውን ሞላው። ጎብኚው የሚመጣው አራዊት ለማየት ነዋ! በሜዳ ያየውን ቀጭኔ ትንሽ አድርጎ በሻንጣው ይዞ መሄድ ይወዳል።

ታዲያ እንዴት ይሠራሉ? ጠራቢው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንጨቱን በእግሩ ደግፎ፣ ስለቱ እንደ ዶማ ወደ አግድም በዞረ ትንሽ መጥረቢያ ይጠርባል። መጀመሪያ ጀርባው ይወጣል፤ ቀጥሎ እግሩ፤ ቀጥሎ ጆሮው። ከዚያ ቢላዋና ሞረድ ይገባሉ። በመጨረሻ በሻካራ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በሰም ወይም በጫማ ቀለም ይወለወላል። አንዱ ሰው ይጠርባል፣ ሌላው ያለሰልሳል። ትንሹ ከትልቁ ይቀላል እንዳትሉ! ትልቅ ዝሆን ላይ መጥረቢያ ቢስት ይስተካከላል፤ የትንሿ ኩምቢ ግን አንዴ ከተሰበረ ዝሆኗ ማገዶ ናት።

ጠራቢዎች ለየብቻቸው ሲሸጡ ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነበር። ኬንያ ነፃ በወጣችበት በ1963 ዓመት 100 ያህል ጠራቢዎች ሞምባሳ ላይ የአካምባ የእጅ ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበርን አቋቋሙ። በኋላም አባላቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። እዚያ እያንዳንዱ አባል የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም በሠራው ዕቃ ላይ ይጻፋል። ዕቃው ሲሸጥ ገንዘቡ የማን እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። እስቲ አስቡት! ቁጥሩን ማንበብ ያልቻለ ሰው የድካሙን ዋጋ በምን ይቆጣጠራል? ፊደልና ቁጥር ለእጅ ባለሙያ ሁለተኛ መጥረቢያ ናቸው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። ድሮ የአፍሪካ ማስታወሻ ተብሎ ይሸጥ የነበረው የራሱ የዝሆን ጥርስና የአውሬ ቆዳ ነበር። ኬንያ በ1977 አደንን ከለከለች። በ1989 ደግሞ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ ፓርክ በአደባባይ ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት የጥርሱ ዓለም አቀፍ ንግድ ተከለከለ። የእንጨቷ ዝሆን ታዲያ ማንንም ሳትገድል የምትገኝ ንጹሕ ማስታወሻ መሰለች።

ግን እንጨቱስ? ጠራቢዎቹ አብልጠው የሚወዱት ሙሁጉ የተባለውን ጠንካራ፣ መዓዛው ደስ የሚል ዛፍና በእኛም ቆላ የሚበቅለውን ጥቁሩን ዞጲ ነበር። ሁለቱም ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በኬንያ ከ60,000 በላይ ጠራቢዎች እንዳሉ፣ ለሥራውም በየዓመቱ ከ50,000 በላይ ዛፍ እንደሚቆረጥ ተገመተ። በባሕሩ ዳርቻ ያለው የአራቡኮ ሶኮኬ ደን ብዙ ሙሁጉ ወጥቶበታል። በዚያ ደን እውነተኛ ዝሆኖች ይኖራሉ። አፍንጫው እንደ ኩምቢ የረዘመ፣ ዳሌው ወርቃማ የሆነ አይጥ መሳይ ትንሽ እንስሳም አለ፤ ከኬንያ ባሕር ዳርቻ ደኖች በቀር ሌላ አገር የለውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ የእንስሳውን ምስል ለመሥራት የእንስሳው ቤት ፈረሰ።

ይህን ያዩ የዕፅዋት አዋቂዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከጠራቢዎቹ ጋር መከሩ። ሥራችሁን ተዉ አላሏቸውም፤ የቤተሰብ እንጀራ ነውና። እንጨቱን ለውጡ አሏቸው። ሰው የሚተክላቸው ኒም፣ ማንጎና ጃካራንዳ ቀረቡ። ኒምን በስዋሂሊ ሙአሮባይኒ ይሉታል፤ አርባ በሽታ ያድናል ከሚለው እምነት የመጣ ስም ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በጥላ ሥር በደንብ ካልደረቀ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠራቢው ትዕግሥት መማር ነበረበት፤ ገዥውም ጥቁር ያልሆነ እንጨት መውደድ ነበረበት። ሁለቱም በአንድ ቀን የሚለመድ አይደለም።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ የዋሙንዩ ሰዎች ታሪክ የሚያስተምረን ይህንን ነው፦ የእጅ ሙያ የሚኖረው ጥሬ ዕቃው እስካለ ድረስ ነው። ዛፍ የማይተክል ጠራቢ የልጁን መጥረቢያ ይሰብራል።

ከንግግሩ በኋላ በየቡድናችሁ ተወያዩ። በመንደራችሁ ሸክላ ሠሪው አፈሩን፣ ሰፌድ ሠፊዋ አክርማውን፣ አናጢው ዛፉን ከየት ያመጣሉ? ከ10 ዓመት በኋላስ ያገኙታል? ከዚያም እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፦ ዛፍ፣ ሙያ፣ ማኅበር፣ ቁጥር።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ!