በራስጌ የቆመችው ሴት፤ የመጀመሪያው የማሕፀን ምርመራና የፍርሃቱ ታሪክ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዓባይ ገደል አፋፍ ባሉት መንደሮች የምትኖር ሴት በማሕፀን መመርመሪያ አልጋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትተኛው አብዛኛውን ጊዜ ወዳ አይደለም። ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተይዛ፣ ደም አልቆም ብሏት ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ትመጣለች። እኛ የጤና ባለሙያዎች በካርዷ ላይ «ለምርመራ አልተባበረችም» ብለን የምንጽፍላት ይህች ሴት፣ ከዚያች ዕለት በፊት ገላዋን ለባዳ ሰው ገልጣ የማታውቅ፣ እንኳን ለወንድ ሐኪም ለገዛ እናቷም ስለ ብልቷ አንዲት ቃል ተንፍሳ የማታውቅ ልትሆን ትችላለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍርሃቷ ከየት እንደ መጣና በሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን ፍርሃት በእርግጥ ያቀለለው ምን እንደ ነበር መመልከት ነው።

ፍርሃቱን ከትምህርት ማነስ ጋር ብቻ ማያያዝ በመካከላችን የተለመደ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ትክክል አይደለም። የአካባቢውን የወሊድ ሥርዓት ላስተዋለ ሰው ምክንያቱ ሌላ ነው። በደጋው ልማድ ወላድ ብቻዋን አትተውም። ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ስታምጥ ከኋላዋ ሆነው የሚደግፏት፣ ወገቧን የሚያሹላት፣ «ማርያም ማርያም» እያሉ የሚለምኑላት፣ በሙስሊሙም ቤት ዱዓ የሚያደርጉላት ሴቶች አሉ። ይህን ስል ያንን ዘመን ለማወደስ አይደለም፤ በዚያው ጎጆ ውስጥ ስንት እናቶች ደማቸው ፈስሶ እንደ ቀሩ እናውቃለን። ሆኖም ሴቲቱ ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ የሚጠብቃት የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በጀርባዋ ትተኛለች፣ እግሮቿ ተሰቅለው ይከፈታሉ፣ ደጋፊዎቿ ከበር ውጭ ይቀራሉ፣ ባለሙያው ደግሞ ፊቷን ትቶ ከግርጌዋ ይቆማል። ከራስጌዋ ማንም የለም።

ይህ አቀማመጥ እንዴት እንደ ተፈጠረ ማወቅ ይጠቅማል። ስፔኩለም የምንለው መሣሪያ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ ከተቀበረችው ከፖምፔ ከተማ ፍርስራሽ በብሎን የሚከፈት የነሐስ ስፔኩለም ተገኝቷል። በአውሮፓ መሣሪያውን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ዕለታዊ ሕክምና የመለሰው ፈረንሳዊው ሬካሚዬ ነበር። በዚያው ዘመን የነበረው ኀፍረት ግን ከእኛው አገር የሚያንስ አልነበረም። የፓሪሱ የማዋለድ ሐኪም ማይግሪዬ እ.ኤ.አ. በ1822 ማሳተም በጀመረው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሥዕል ሐኪሙ በቆመች ሴት ፊት ተንበርክኮ፣ እጁን ከቀሚሷ ሥር አስገብቶ፣ ወደሚነካው የሰውነት ክፍል ሳይመለከት ሲመረምር ያሳያል። የወሎ ሴት ታፍራለች የምንል ሰዎች የፓሪስ ሐኪም ራሱ እንዴት ያፍር እንደ ነበር በዚህ ሥዕል ማየት እንችላለን።

ኀፍረቱን በኃይል የሰበረው ሰው ጄምስ ማሪዮን ሲምስ ይባላል። ዛሬ በየሆስፒታላችን የፊስቱላ ምርመራ የምናደርግበት በሁለት ጫፉ የታጠፈው ስፔኩለም፣ በግራ ጎን የማስተኛቱም ዘዴ በስሙ ይጠራል። ሲምስ በአሜሪካ አላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 ድረስ ፊስቱላ የነበረባቸውን በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶች በግቢው አኑሮ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና አደረገባቸው። የመጀመሪያው መሣሪያው የተቆለመመ የማንኪያ እጀታ ነበር። ሴቶቹን በጉልበታቸውና በክንዳቸው አስደግፎ ሲያጎነብሳቸው አየር ወደ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ስለሚከፍተው፣ ከእርሱ በፊት ሌሎች ሊያዩ ያልቻሉትን ቀዳዳ ለማየት ቻለ። ስማቸው የተረፈልን ሴቶች ሦስት ናቸው፤ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ። አናርካ ብቻዋን 30 ያህል ጊዜ ተቀድዳለች። ኤተር ለማደንዘዣነት በቦስተን በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ1846 ቢሆንም ለእነርሱ አልተሰጠም። ፈቃዳቸውን መጠየቅ ይቅርና በሕግ ፊት እምቢ የማለት መብት እንኳ አልነበራቸውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። ሙከራው በተደጋጋሚ ሲከሽፍ የሲምስ ረዳት ሐኪሞች እየተሰላቹ ተለዩት። በዚያን ጊዜ አንዷ ስትቀደድ የያዟትና ሥራውን የረዱት ሌሎቹ ታካሚዎች፣ እነዚያው ሴቶች ነበሩ። እንግዲህ በዘመናዊው የማሕፀን ቀዶ ሕክምና መነሻ ላይ ከአልጋው አጠገብ የቆመችው ሴት ያንኑ ሕመም የምታውቅ፣ ነገር ግን ከሥቃዩም ከረዳትነቱም ማምለጥ የማትችል ባሪያ ነበረች። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የቆመው የሲምስ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሥቷል። መሣሪያው ግን በእጃችን ቀርቷል፤ ጠቃሚ ነውና ልንጥለው አንችልም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመቅደላ አምባ ሐኪም ያላየ ስፍራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1868 ድረስ በአፄ ቴዎድሮስ እስር ላይ ከነበሩት እንግሊዛውያን አንዱ ዶ/ር ሄንሪ ብላንክ ነበር። ይሁንና ሐኪም በአምባ ላይ መገኘቱና አንዲት ሴት ለማሕፀን ሕመሟ መታየቷ በመቶ ዓመት የሚራራቁ ነገሮች ሆኑ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፣ በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረችው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1959 አውስትራሊያዊቷ ዶ/ር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ኒውዚላንዳዊው ዶ/ር ሬጂናልድ ሃምሊን በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ተቀጥረው መጡ። ፊስቱላ ያለባቸው ሴቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግርና በአውቶቡስ እየመጡ ደጁን ሞሉት። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ።

ከሕሙማኑ አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበረች። በልጅነቷ ተድራ፣ ከብዙ ቀን ምጥ በኋላ ልጇን አጥታ፣ ራሷም ቆስላ ወደ ሃምሊኖች መጣች። ከዳነች በኋላ እዚያው ቀረች፤ አልጋ አነጠፈች፣ የታመሙትን አጽናናች፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀበለች። ማንበብና መጻፍ ሳትችል በዶ/ር ሬጂናልድ እጅ እየተመራች ቀዶ ሕክምናውን ተማረች፤ በኋላም ከውጭ ለሚመጡ ሐኪሞች ጭምር የምታሳይ ባለሙያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሰጥቷታል። የማሚቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ተአምር ነው። እኔ ግን ከሜዳልያው ይልቅ የሚያስደንቀኝ በሆስፒታሉ ሥርዓት ሆኖ የቆየው ልማድ ነው። የዳኑ ሴቶች በነርስ ረዳትነት ይቀጠራሉ። አዲስ የመጣችው በሽተኛ መጀመሪያ የምታገኘው ያንኑ ሽታ ሸትታ፣ ያንኑ አልጋ ተኝታ የተነሣች፣ በቋንቋዋ የምታናግራትን ሴት ነው። የአናርካ ረዳትነት በግዴታ ነበር፤ እዚህ ግን በፈቃድና በደመወዝ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በባሕር ዳር የተከፈተው ቅርንጫፍ ይህንኑ አገልግሎት ለአማራ ክልል ሴቶች አቀረበ።

በሌላው የዓለም ጫፍም ተመሳሳይ ሐሳብ ለብቻው በቅሏል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሮበርት ክሬትችማር በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የማሕፀን ምርመራን ከሠለጠኑ ሴቶች እንዲማሩ አደረገ። ሴቶቹ በገዛ ገላቸው ላይ እያስመረመሩ «አሁን አመመኝ፣ እጅህን ዝቅ አድርግ፣ ከመንካትህ በፊት ንገረኝ» እያሉ ያርሙ ነበር። ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ነገር ከተመርማሪዋ አንደበት ይሰማል። እኛ ግን አብዛኞቻችን ይህን ምርመራ የተማርነው ራሷን መግለጽ በማትችል ሴት ላይ፣ በርካታ ሆነን ከግርጌዋ ቆመን ነው። ከዚያ ልማድ የመጣ እጅ ከምረቃ በኋላ በራሱ አይስተካከልም።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመረመርን ሴት ማዘጋጀት የሚጀምረው ልብሷን ሳታወልቅ፣ ተቀምጣ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው። ስፔኩለሙን አሳይቶ በእጇ እንድትይዘው ማድረግ ከብዙ ቃል ይሻላል። በደጋው ደጋግሜ የሰማኋቸው ሥጋቶች የታወቁ ናቸው፤ ብረቱ ይቀዳል፣ ማሕፀን ይጎትታል፣ የታየው ነገር ለባል ይነገራል። ሦስተኛው ከሁለቱ የበለጠ ከባድ ነውና ምሥጢሯ እንደሚጠበቅ በግልጽ ልንነግራት ይገባል። አብረዋት የመጡትን አማት ወይም ባል ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ማሰናበትና ማን አብሯት እንዲሆን እንደምትፈልግ ብቻዋን መጠየቅ ያስፈልጋል። ፊት ለፊታቸው ከጠየቅናት የምትሰጠው መልስ የእነርሱ ነው።

ሽንቷን ሸንታ ትምጣ። የሆስፒታሉ አንሶላ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜም የለምና፣ የራሷ ነጠላ ወይም ጋቢ ከጉልበቷ በላይ ይሸፍናት፤ እንዲያውም የምታውቀው ጨርቅ የተሻለ ነው። የእግር መስቀያ የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ 197 ሴቶችን ያካተተ ጥናት፣ ያለ መስቀያ ተረከዛቸውን አልጋው ላይ አሳርፈው የተመረመሩት ሴቶች ምቾት ማጣታቸውና የተጋላጭነት ስሜታቸው ያነሰ መሆኑን፣ የናሙናውም ጥራት እንዳልተጓደለ አሳይቷል። በአንድ የመካነ ሰላም ቀዝቃዛ ጥዋት ብረቱን በሞቀ ውኃ ማለስለስ ደግሞ ጥናት የሚያሻው ነገር አይደለም። ትንሹን ልክ መምረጥ፣ ከብረቱ በፊት በአንድ ጣት ቀስ ብሎ መጀመር፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት የሚሆነውን መናገር ይገባል። «አይዞሽ» መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ምን እንደሚደረግ አይገልጽም። «እግርሽን ክፈቺ!» የሚለው ትእዛዝ ጡንቻዋን ያኮማትራል፤ «ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አውጪ፣ መቀመጫሽን አልጋው ላይ ጣይው» የሚለው ያላላዋል። «ይበቃኛል» ስትል ማቆም፣ ስታቆመንም አለመቆጣት። በአንድ ጊዜ ያላለቀ ምርመራ በሌላ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ በግድ የተመረመረች ሴት ግን ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች፤ ጎረቤቶቿንም ታስቀራለች።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ምርመራው ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ምልክት ለሌላቸው ነፍሰ ጡር ያልሆኑ ሴቶች በልማድ የሚደረገውን የማሕፀን ምርመራ እንዳይደረግ መክሯል። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ላልጀመረች ልጃገረድ ስፔኩለም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ በሆድ በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ይበቃል። ቤተሰብ «ድንግል መሆኗን እዩልን» ብሎ ሲያመጣት መልሱ እምቢታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በይፋ እንዳስታወቁት ይህ ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና አካባቢውን በነካ ጊዜ የተደፈሩ ሴቶች ወደ ጤና ተቋማት መጥተዋል። ለእነርሱ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ፈቃድ በየእርምጃው መጠየቅ አለበት፤ ምርመራውን ባትፈልግ እንኳ መድኃኒቱና እንክብካቤው አይቀርባትም።

የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ምርመራ ደግሞ ጤነኛ ሴት በራሷ እግር የምትመጣበት ስለሆነ የተለየ ዕድል ይሰጠናል። በአገራችን መመሪያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በአሴቲክ አሲድ ይታያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ሴቷ ራሷ በምትወስደው ናሙና የኤች ፒ ቪ ዲ ኤን ኤ ምርመራ እንዲደረግ አጽድቋል፤ ለዚህ ስፔኩለም አያስፈልግም። ይህ አገልግሎት እስኪዳረስ ድረስ ግን አንዲት አዋላጅ ነርስ ብቻዋን ተረኛ በሆነችበት ጤና ጣቢያ ከራስጌ የምትቆመው ማን ትሁን? ቀደም ሲል የተመረመረች የዚያው ቀበሌ እናት ልትሆን ትችላለች፤ ነገር ግን ታካሚዋ ራሷ የመረጠቻትና ምሥጢር እንድትጠብቅ በደንብ የተነገራት መሆን አለባት። ፊቷን ወደ ታካሚዋ ፊት አድርጋ እንድትቀመጥ አንድ በርጩማ በቂ ነው። አብዛኞቹ የምርመራ አልጋዎቻችን ራስጌያቸው ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በርጩማው የሚገባበት ቦታ የለም፤ አልጋውን አንድ ክንድ ያህል ወደ መሐል መሳብ፣ ግርጌውንም ከበሩ አቅጣጫ ማዞር ያስፈልጋል።